ምድጃው ጠፍቶ የበሰለ ሥጋ

ጃንዋሪ 9፣ 1972፣ እሑድ

የከሰል ጉድጓዱ ከዛሬ ጀምሮ ዝም ብሏል። ባሌ ዊልፍና ልጄ ኔቪል ሁለቱም አድማ ላይ ናቸው፤ ከዚህ ቤት ደመወዝ የሚያመጣ ሰው የለም ማለት ነው። ይሁን። ደመወዝ ቢቀር እሑድ አይቀርም፤ እሑድ ካለ ደግሞ የበሬ ሥጋ አለ። በእኔ ቤት ይህ ሕግ ነው።

ሥጋ ሻጩ ሚስተር ሆርስፎል ከታፋው የወጣ ቀይ ሙዳ ሰጠኝ። ስብ የሚባል አልነካውም። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው፤ የማትችል ሴት እጅ ከገባ የጫማ ሶል ይሆናል። እኔ ሠላሳ ዓመት ጠብሼዋለሁ፤ አንድም ሰው አላማኝም። እስከ ቅርብ ጊዜ።

ፑዲንጉ፣ የዱቄትና የእንቁላል ሊጣችን፣ በጋለ ስብ ላይ እንደ ባርኔጣ ተነፍቶ ወጣ። በእኛ አገር እሱ ይቀድማል። “ፑዲንግ አብዝቶ የበላ ሥጋ ይበዛለታል” እየተባለ ነው ያደግነው። እውነቱን ለመናገር በሊጥ የጠገበ ሰው ሥጋ አያምረውም፤ የአገሩ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ተንኮል ነው። ዊልፍ ሥጋውን ቆረጠ፤ ኔቪል እንደ ሁልጊዜው ጠበስ ያለውን ጫፍ ቀድሞ ወሰደ። አብረውን የሚኖሩት አባቴ፣ አባባ፣ ሁለት ፑዲንግ በመረቅ ከበሉ በኋላ ሥጋቸውን በሹካ ገፋ አደረጉና “ጠንካራ ነው” አሉ።

ጠንካራ! የእኔን ሥጋ!

ከኖቬምበር ወዲህ እንዲህ ናቸው። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበሩ ትርፍ ሰዓት ሥራ ያስቆመ ሰሞን መሆኑ ነው። በፊት ሦስት ቁራጭ ሳይበሉ ከወንበር አይነሡም ነበር። የተረፋቸውን ነገ ለኔቪል ዳቦ ውስጥ እከተዋለሁ። እኔ ስሠራ ጫፍ ጫፉን ስለበላሁ አልተቀመጥኩም።

ጃንዋሪ 12፣ ረቡዕ

ዶክተሩ የአባባን ደረት ሊያይ መጣ። ዕድሜ ልኩን የከሰል አቧራ የዋጠ ሳንባ በክረምት ዝም አይልም። ሚዛን ላይ አወጣቸውና በር ላይ ሲወጣ፣ “ከባለፈው መከር ወዲህ ስድስት ኪሎ ቀንሰዋል” አለኝ። “ሥጋ ይብሉ። በሰባ ስምንት ዓመት ይህን ክረምት በሻይና በዳቦ አያልፉትም።”

ቃሉ እንደ አለንጋ ገረፈኝ። ግን ለዶክተር “አባቴ ሥጋዬን አይበሉልኝም” ብዬ እናገራለሁ እንዴ?

“ይበላሉ” አልኩት።

ነገሩ ግልጽ ነው። ሥጋው ከለሰለሰ ይበላሉ፤ ከበሉ ክረምቱ ያልፋል። ማለስለስ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ጃንዋሪ 16፣ እሑድ

ሙዳውን በውሃ አፍኜ፣ ከድኜ፣ ሦስት ሰዓት። ክር ክር ሆነ፤ ክሩም ደረቀ። ስብ የሌለው ሥጋ ብዙ ሲቀቀል ሹራብ ነው የሚሆነው። አውቀው ነበር፤ አባባን ለማስደሰት ብዬ የማውቀውን ተውኩ።

“ጠንካራ ነው” አሉ።

“አባባ፣ ይሄ እኮ በማንኪያ የሚበላ ነው!”

“እንግዲያው በማንኪያ ጠንካራ ነው።”

ኔቪል ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን የወተት ብርጭቆው ውስጥ ቀበረ።

ጃንዋሪ 19

ሆርስፎል ዘንድ ሄድኩ። ገዢ የለም፤ እንደ ዶክተር ተቀብሎ አስተናገደኝ።

“ክሩን እዪ” አለኝ ሙዳውን እያገላበጠ። “ክሩ በሄደበት ከተቆረጠ ገመድ ታኝኪያለሽ። አቋርጠሽ፣ በስሱ፣ ማዶው እስኪታይ።”

አውቃለሁ። ቢላዋውን የሚይዘው ግን ዊልፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥጋ የሚቆርጠው የከሰል ግድግዳ እንደሚፈልጥ ነው።

“ለመሆኑ አንቺ ምነው ከሳሽ፣ ኢኒድ?”

“ኮቱ ነው የሰፋኝ” አልኩት። ስለ ሥጋ ጠየቅኩት እንጂ ስለ ኮት ጠየቅኩት?

ጉርድ ቀሚሴንም በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ሲታጠብ ለቋል።

ጃንዋሪ 23፣ እሑድ

በኮምጣጤና በሽንኩርት አሳድሬ ጠበስኩት። ሊቆረጥ ሲል ለዊልፍ፣ “ቢላዋውን ስጠኝ” አልኩት።

“ምን ልታደርጊበት?”

“ልቆርጥበት። አንተ ክሩን አታይም።”

“አድማ ላይ ነኝ እንጂ አልሞትኩም!” ብሎ ቢላዋውን ደረቱ ላይ አቀፈው። በመጨረሻ እኔ በጣቴ እያሳየሁት እሱ እያጉረመረመ አቋርጦ ቆረጠ። ስስ፣ ውብ። ወንዶቹ ሁለቱ ሳህናቸውን በዳቦ ጠረጉት።

አባባ ግን፣ “ኮምጣጤው ጥሩ ነው። ሥጋው ጠንካራ ነው” አሉ። ሲሉም ሳህኑን አላዩም፤ እኔ ወደቆምኩበት ወደ ምድጃው ነው የሚያዩት። ፊት ለፊቴ መናገራቸው መሆኑ ነው።

ተናድጄ ጫፍ ጫፉን እንኳ በወጉ አልበላሁም። አያስፈልገኝም፤ ሽታው ብቻ ያጠግባል።

ጃንዋሪ 30፣ እሑድ

ሆርስፎል በነፃ የሰጠኝን የስብ ቁራጭ ሙዳውን አልብሼ፣ በክር አስሬ፣ በዝቅተኛ ሙቀት አራት ሰዓት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ይበልጣል። አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው።

አልበሉም።

ሰሐን ሳጥብ ሳሎን ውስጥ ለዊልፍ ሲያወሩት ሰማሁ። “የዚህች እናትም በ1926ቱ አድማ ጊዜ እንዲሁ ነበረች” አሉ። ዊልፍ የመለሰውን አልሰማሁም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

አሃ! ለካ ከእናቴ ጋር እያስተያዩኝ ነው! እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ውሃ ስታፈላ የምታሳርር ሴት ነበረች። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ግን አይረሳኝም። ከእሷ ጋር ልወዳደር?

ፌብሩዋሪ 3

ጎረቤቴ ክላሪስ አጥር ላይ አገኘችኝ። “አባትሽ ትናንት መጥተው የዝንጅብል ብስኩቴን አንኮሻኮሹልኝ” አለች። “ድፍን ስድስት! እኔ ሻይ ውስጥ ካልነከርኩት ጥርሴን ይሰብረኛል፣ እሳቸው እንደ ፈረስ።”

ስለዚህ ጥርስ አይደለም። እዚህ ቤት ግን እሑድ እሑድ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አያጠልቁም። “ድዴን ያመኛል” ይላሉ። ለእኔ ሥጋ ድዳቸውን ያማቸዋል፣ ለክላሪስ ብስኩት አያማቸውም!

ይህ ጥላቻ ነው። ምን አደረግኳቸው?

ፌብሩዋሪ 6፣ እሑድ

ስለ ሥጋ አልጽፍም።

አሳረርኩት።

ፌብሩዋሪ 11

ከሰል ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያዎቹ ስላልደረሰ መብራት በየሰፈሩ በተራ ሊጠፋ ነው። ተራው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ዊልፍ ቆርጦ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሰፈራችን እሑድ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

“እሑድ? በምሳ ሰዓት?”

“እየሠራልን ነው ማለት ነው!” አለ ዊልፍ፣ ዓይኑ እያበራ። እሱና ኔቪል ሳምንቱን ሙሉ የጣቢያው በር ላይ ቆመው ከሰል የጫነ መኪና ሲመልሱ ነው የከረሙት።

“የገዛ ምድጃዬን ልታጠፋብኝ ነው ከቤት የምትወጣው?”

“ለሁላችን ነው የኔ እመቤት።”

“የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” አልኩት።

የድሮውን የከሰል ምድጃ ነቅዬ ይህን ኤሌክትሪክ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አባባ ያኔ “ትቆጪያለሽ” ብለውኝ ነበር። ዛሬ ጋዜጣውን አይተው ጢማቸውን ብቻ ጠራረጉ።

ፌብሩዋሪ 13፣ እሑድ

ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ያሰብኩት ከመጥፋቱ በፊት አብስዬ ለመጨረስ ነበር፤ ግን ውርጩ የውሃ ቧንቧ ዘጋብኝና በረዶውን ሳሟሟ ረፈደ። ሙዳውን በጨርቅ አድርቄ፣ ጨው ቀብቼ፣ እስከ መጨረሻው በጋለ ምድጃ ውስጥ ስከተው አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ልክ በስድስት ሰዓት የምድጃው ቀይ መብራት ድርግም አለ። ሃያ አምስት ደቂቃ! ሃያ አምስት ደቂቃ ሥጋ ያስፈራራል እንጂ ያበስላል?

“ከፍተሽ እዪው” አለ ዊልፍ።

“ማንም እንዳይነካው!” አልኩ። ከፍቼ የቀረችውን ሙቀት ደግሞ ለነፋስ ልስጥ? ድንቹን ሳሎን ባለችው የማሞቂያ እሳት ላይ፣ ወንዶቹ ከጉድጓዱ ጥራጊ ክምር በለቀሙት ከሰል ቀቀልኩ። ፑዲንግ የለም። ደመናው ወርዶ ኩሽናው ስለጨለመ ሻማ አበራሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጥሬ ሥጋ እንዳላወጣ ጸሎት አድርጌ በሩን ከፈትኩ።

ከላይ ቡናማ። ዊልፍ ቢላዋውን ሲያሳርፍበት ቢላዋው ሰመጠ። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሮዝ፣ አንድ ጠብታ ደም ሳህን ላይ የለም፤ ጭማቂው ሁሉ እዚያው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሳት ሳሳድደው የነበረውን ነገር እሳት ሲጠፋ አገኘሁት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ይህ ነው።

ኔቪል፣ “እማዬ፣ ይሄ የሀብታም ሥጋ ነው” አለ። ዊልፍ ምንም አላለም። ዊልፍ ሲበላ ካልተናገረ ምስጋና ነው።

አባባ ትንሽ ቆርጠው አፋቸው አስገቡ። ፊታቸውን አየሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንደ ሕፃን። አሸነፍኩ አልኩ በልቤ። ከዚያ ሹካቸውን አስቀመጡ። “ጠንካራ ነው” አሉና ሳህናቸውን ጠረጴዛው ላይ ገፉት፤ ከእኔ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ሄዶ ቆመ።

አላለቀስኩም። የሻማው ጭስ ነው።

ፌብሩዋሪ 16

ዳቦ ሰልፍ ላይ ራሴን ትንሽ አዞረኝ። ትንሽ ነው። ክላሪስ አጋንና “ወደቀች” ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅኩም። መሬት ላይ ስለተቀመጥኩ ነው እንደዚያ የመሰላት።

አባባ ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ፌብሩዋሪ 19፣ ቅዳሜ

ከቁርስ በኋላ ወንዶቹ የጣቢያውን በር ሊጠብቁ ሄዱ። አባባ ኩሽና ገብተው ድንች መላጥ ጀመሩ። ድንች ልጠው አያውቁም።

“በሃያ ስድስቱ ጊዜ ጉድጓዶቹ ሲዘጉብን” አሉ፣ “እናትሽ ምን ትል እንደነበር ታስታውሻለሽ?”

“አላስታውስም” አልኩ። ዋሸሁ። እናቴ ምድጃው ሥር ቆማ እጇን በሽርጧ ስትጠርግ ወዲያው ታየችኝ።

“‘ስሠራ በልቻለሁ’ ትል ነበር። ሰባት ወር። እኔም አመንኳት። ለምን እንዳመንኳት ታውቂያለሽ? እርቦኝ ነበር። የራበው ሰው የሚመቸውን ያምናል።” ድንቹን አስቀምጠው ሌላ አነሡ። “በሚቀጥለው ክረምት ጉንፋን ያዛት። ጉንፋን ሰው ይገድላል እንዴ፣ ኢኒድ? ጉንፋን የሚገድለው ምንም ያልቀረለትን ሰው ነው።”

“አባባ፣ እኔ እኮ በልቻለሁ። ጫፍ ጫፉን…”

“አንድ ሙዳ ስንት ጫፍ አለው?”

ወደ ምድጃው ዞርኩ።

“ስንት ጫፍ አለው አልኩሽ?”

“ሁለት።”

“ሁለት። አንዱን ኔቪል ይወስዳል። ሌላው ሰኞ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ሳንባዬ ነው እንጂ የደከመው ዓይኔ አልታወረም። ሥጋዬን ብተውልሽ ትበያለሽ ብዬ ነበር፤ አንቺ እሱንም ለወንዶቹ ሰጠሽው። ለባልሽ ነገርኩት፤ ‘በልቻለሁ ትላለች’ አለኝ። እሱም እንደ እኔ ሞኝ ነው።”

ስድስት ሳምንት ሙሉ ስብ ሳለብስ፣ ኮምጣጤ ሳጠጣ፣ ክር ስቆጥር፣ ለካ ሥጋው ምንም አልነበረበትም። ዶክተሩ ስድስት ኪሎ ያለው ሁሉ በእኔ ሰበብ የሄደ ነው።

“እኔ በእርስዎ ምክንያት ነው እንቅልፍ ያጣሁት” አልኩ። “ዶክተሩ ምን እንዳለኝ ቢያውቁ…”

“ማኅበሩ አድማ መትቷል” አሉ። “እኔም ከኖቬምበር ጀምሮ መትቻለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ስትቀመጪ እበላለሁ።”

“ማን ያቀርባል ታዲያ? ማን መረቅ ያማስላል?”

“እሱን ማኅበርተኛ ለማኅበርተኛ እንነጋገርበታለን” ብለው የላጡትን ድንች ሰጡኝ። ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጥለውታል።

ፌብሩዋሪ 20፣ እሑድ

አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሙዳውን በጋለው ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። በዚህ ጊዜ ቧንቧ አይደለም፣ እኔው ነኝ ሰዓቱን የመረጥኩት። ስድስት ሰዓት ላይ መንግሥትና ማኅበሩ ተጣልተው ምድጃዬን አጠፉልኝ። በሩን አልከፈትኩም። መክፈት ስለማይቻል ደግሞ የሚሠራ ሥራ የለም፤ የሚገለበጥ የለም፣ የሚረጭ ስብ የለም፣ የሚጠበቅ ፑዲንግ የለም። ቆሜ ቆሜ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አወጣሁት። ዊልፍ ሳልነግረው ክሩን አቋርጦ ቆረጠ። አራት ሳህን። ከዚያ ወንበሬን ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ኔቪል፣ “እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?” አለ።

“ዝም ብለህ ብላ” አለው ዊልፍ። እሱ ራሱ ግን አልበላም፤ ያየኛል። ዓይኑ ቀልቷል። ሰውየው ይህን ያህል እንደማይገባው አላውቅም ነበር፤ ወይም ይህን ያህል እንደሚገባው።

ሁለቱ ጫፎች ሳህኔ ላይ ነበሩ። ማን እንዳስቀመጣቸው አላየሁም።

አባባ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። “ቅደሚ” አሉኝ።

ቆርጬ አፌ ውስጥ አደረግኩት። ቅቤ ነው። ከእኔ በቀር ይህን ማን ይሠራዋል? ግን እናቴ በዓይኔ ሞላች፤ ምድጃው ሥር ቆማ እጇን የምትጠርገው። ውሃ እያሳረረች የምትሰጠን እሷ ያልቀመሰችውን ነበር። አለቀስኩ። ሻማ አልበራም፣ ጭስ አልነበረም፤ አለቀስኩ። እያለቀስኩም በላሁ።

ስውጥ አይተው፣ አባባ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው በመሐረብ የተጠቀለለ ጥርሳቸውን አወጡ። ጠረጴዛው ላይ፣ በሰው ፊት! አጠለቁት፣ መንጋጋቸውን ሞከሩት፣ በሉ። አንድ ቁራጭ። ሁለት። ቀስ ብለው፣ ሰዓት እንዳለው ሰው።

ሁላችንም እንጠብቃለን።

“ጠንካራ ነው” አሉና ሳህናቸውን ለሦስተኛው ዘረጉ።

ፌብሩዋሪ 27፣ እሑድ

አድማው አለቀ፤ ድምፅ ተሰጥቶ ወንዶቹ አሸነፉ። ነገ ጉድጓድ ይወርዳሉ። ዛሬ መብራት ሙሉ ቀን አለ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ተነሥቼ ምድጃውን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

“ምነው? መብራት እኮ አለ!” አለ ዊልፍ።

“እኔ አድማ ላይ ነኝ” አልኩት።

ለሁለት ሰዓት ተኩል ሳሎን ቁጭ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። ሥጋውን አውጥቼ ጠቅልዬ ሳሳርፈው ምድጃውን መልሼ አግዬ ፑዲንጉን ጋገርኩ። አባባ አንድ ብቻ ወሰዱ፤ ለሥጋው ቦታ መተው አለብኝ አሉ።

ማርች 26፣ እሑድ

ዶክተሩ ሐሙስ መጥቶ ነበር። አባባ ሦስት ኪሎ ጨምረዋል። “ምን አደረግሽላቸው?” አለኝ። “ሥጋ አለሰለስኩ” አልኩት። ሙያ ነውና ለማንም አይነገርም።

ዛሬም “ጠንካራ ነው” ብለዋል፤ ሦስት ጊዜ፣ በየቁራጩ።

መርፌ ቁልፉን ከጉርድ ቀሚሴ ፈታሁት። ሲታጠብ ተኮማትሯል።